ከዙ አንድ እንስሳ ወጣ ሲባል ለምን ደስ እንደሚለኝ

አንድ ዙ ዝሆኖቹን ወይ ድቦቹን ወደ ሌላ ቦታ ላከ በተባለ ቁጥር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው "አለቀለት፣ ሊዘጋ ነው" ነው። ቀጥሎ ደሞ "እና ልጆቹ ምን ሊያዩ ነው?" ይመጣል። ይገባኛል፣ ዝሆን አይቶ የማይደነቅ ልጅ የለም፣ እኔም ብሆን ዝሆን ፊት ከቆምኩ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አይታወቀኝም። ግን ዙዎች ምን አስገቡ፣ ምን አስወጡ፣ የቱን ማቆያ አፍርሰው በምን ተኩት የሚለውን ስከታተል ኖሬ የደረስኩበት ሀሳብ ከዚህ ተቃራኒ ነው፦ የእንስሳት ዝርዝሩን ያሳጠረ ዙ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዙ ነው። ዛሬ በደንብ ላውራበት፣ ትንሽ ይረዝማል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ድሮ ዙ ማለት እንደ ቴምብር ስብስብ ነበር። ከየዓይነቱ አንድ አንድ፣ ቢበዛ ወንድና ሴት። የብረት ኬጅ በረድፍ ተደርድሮ፣ አንዱ ውስጥ አንበሳ፣ ጎኑ ነብር፣ ጎኑ ጅብ፣ ከዛ ዝንጀሮ፣ እና የዙው ኩራት "ይሄን ያህል ዝርያ አለኝ" ነው። ብረቱን በማንሳት ስሙ የሚነሳው ካርል ሃገንቤክ የሚባል ጀርመናዊ የእንስሳት ነጋዴ ነው፣ 1907 ላይ ሃምቡርግ አጠገብ በከፈተው ፓርክ ውስጥ በኬጁ ፋንታ ሰው ሰራሽ ቋጥኝና እንስሳው ሊዘለው የማይችል ቦይ አደረገ። ሰው አንበሳን በመሀል ብረት ሳይኖር ሲያይ ጉድ አለ፣ ከዛ በኋላ ሌሎች ዙዎችም ተከተሉት። ግን ልብ በሉ፣ ያ ለውጥ በዋናነት የተሰራው ለተመልካቹ ዓይን ነው። ቦዩ ራሱ ቦታ ይበላል፣ ቋጥኙ ሲሚንቶ ነው፣ እንስሳው የሚቆፍረው አፈር፣ የሚቧጭረው ግንድ፣ ሰው ሲበዛበት የሚደበቅበት ቁጥቋጦ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አዲስ ማቆያ ተመረቀ ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ነው የተጠቀመው የሚለውን ነው።

ለዚህ ከለንደን ዙ የፔንግዊን ገንዳ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። 1934 ላይ የተሰራ ነው፣ የበርቶልድ ሉቤትኪን ቡድን ዲዛይን ያደረገው፣ ሁለት ስስ የኮንክሪት መወጣጫዎች ገንዳው ላይ ያለምንም ምሰሶ እየተጠማዘዙ የሚተላለፉበት፣ በጣም የሚያምር ነገር፣ አርክቴክቸር የሚማር ሰው ሁሉ ፎቶውን ያውቀዋል። ፔንግዊኖቹ ግን ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት ላይ ነበር የሚራመዱት፣ እና ኮንክሪቱ የእግራቸውን ቆዳ እየፋቀ ኢንፌክሽን አመጣባቸው። በ2004 ከዛ ወጡ፣ አልተመለሱም። 2011 ላይ አሸዋና ጠጠር ያለበት፣ ገንዳው ሰፋ ያለ ሌላ ቦታ ተሰራላቸው። አሮጌው ገንዳ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ እንደፈለጉ ሊነኩት አይችሉም፣ ያለ ፔንግዊን እዛው አለ። ይሄ ያሳዝነኛል ብዬ አልዋሽም፣ ህንፃው በእውነት ድንቅ ነው፣ ግን ቅርስነቱና የፔንግዊኑ እግር ሲጋጩ የወጡት ፔንግዊኖቹ መሆናቸው ትክክል ነው።

አንዳንድ እንስሳ ደሞ አለ ማቆያውን ምንም ብታሰፋው የማይበቃው። የዋልታ ድብ አንዱ ነው። ሮስ ክለብና ጆርጂያ ሜሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች 2003 ላይ ባወጡት ጥናት ያዩት ነገር በተፈጥሮው ሰፊ ቦታ የሚያካልል አዳኝ እንስሳ ዙ ውስጥ ሲገባ ይበልጥ እንደሚሰቃይ ነው፣ ወዲያ ወዲህ መመላለሱም ይበዛል፣ ግልገሎቹም ይበልጥ ይሞታሉ። የዋልታ ድብ ማቆያ በአማካይ እንስሳው ዱር ውስጥ ከሚጠቀመው አነስተኛ ክልል ጋር ሲነፃፀር አንድ ሚሊዮንኛ አካባቢ ነው። አንድ ሚሊዮንኛ! እና ያ መመላለስ፣ ያው አታውቁትም አይደለም፣ አንድ መስመር ላይ ሄዶ፣ ዞሮ፣ በዛው ዱካ ተመልሶ፣ ጭንቅላቱን እዛው ቦታ ላይ ወዝወዝ አድርጎ እንደገና፣ ሰው ደሞ አጠገቡ ቆሞ "እንዴት ንቁ ነው" ሲል ትሰማለህ። ያን እያየሁ መቆም አልችልም፣ እውነት ነው የምላችሁ። ስለዚህ አንድ ዙ የመጨረሻው ድቡ ካረፈ በኋላ ሌላ አላመጣም ካለ ያ ሽንፈት አይደለም።

ዝሆን ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ዝሆን የዙ ፊት ነው፣ ፖስተሩም ላይ አርማውም ላይ እሱ ነው። በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአውሮፓ ዙዎችን መዝገብ ይዞ ዙ ውስጥ የተወለዱ ሴት የአፍሪካ ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 16.9 ዓመት መሆኑን፣ ኬንያ አምቦሴሊ ፓርክ ውስጥ ሰው ሳይገድላቸው በተፈጥሮ የሚሞቱት ግን 56 ዓመት እንደሚደርስ አሳየ። እውነት ለመናገር እዛው ጥናት ላይ የአፍሪካዎቹ ሁኔታ በጊዜ እየተሻሻለ መሆኑም አለ፣ ግን ክፍተቱ አስደንጋጭ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ መቆም እግራቸውን ይጎዳል፣ ውፍረት አለ፣ ደሞ ዝሆን ከእናትና ከአያት ጋር ነው የሚያድገው፣ አንዷን ነጥለህ ሌላ ከተማ ስትወስዳት ቤተሰብ ነው የምትበትነው።

ለዚህ ነው ዲትሮይት ዙ ያደረገውን የማከብረው። ዊንኪና ዋንዳ የሚባሉ ሁለት ያረጁ ሴት ዝሆኖች ነበሯቸው፣ መገጣጠሚያቸውን አርትራይተስ ያሰቃያቸዋል፣ ክረምቱ ደሞ ረጅምና በረዷማ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ቤት ውስጥ መቆየት አለባቸው፣ ዙው ቆጥሮ ቆጥሮ እኛ እዚህ ለዝሆን የሚሆን ነገር ልናቀርብ አንችልም አለና 2005 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለ ሰፊ ማረፊያ ላካቸው። ጎብኚ እንደሚቀርበት እያወቀ ነው ያደረገው። ለንደን ዙም ከዛ ቀደም ብሎ 2001 ላይ የነበሩትን ዝሆኖች ከመሀል ከተማ አውጥቶ ዊፕስኔድ የሚባለው የራሱ ሰፊ ግቢ ወስዷቸዋል። ብሪስቶል ዙ ደሞ ከዚህም አልፎ 1836 ላይ የተከፈተውን ጠባብ የከተማ ግቢውን ጠቅላላ 2022 ላይ ዘግቶ ከከተማ ወጣ ያለው ሰፊ ቦታው ላይ እያተኮረ ነው፣ አሮጌውን ግቢ ለሚወዱት ሰዎች ከባድ ነበር፣ እኔ ግን ለእንስሳቱ ሳስበው ትክክል ነው እላለሁ።

አንድ እንስሳ ሲወጣ ቦታው ለሚቀሩት ይለቀቃል፣ ብዙ ሰው የማያየው ይሄን ነው። ሦስት ጠባብ ኬጅ ፈርሶ አንድ ሰፊ ማቆያ ሲሆን፣ የሦስት ዝርያ በጀት ለአንድ ሲውል፣ ውጤቱ እንስሳው ላይ ይታያል። ይሄን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ዊሊ ቢ ነው። አትላንታ ዙ ውስጥ የነበረ ጎሪላ ነው፣ 27 ዓመት ሙሉ ብቻውን፣ ቤት ውስጥ፣ ኬጅ ውስጥ፣ አንድ የጎማ ዥዋዥዌና ቴሌቪዥን ይዞ የኖረ። ዙው ራሱ በ80ዎቹ አገር ያፈረበት ዙ ነበር። ከዛ አመራሩ ተለወጠ፣ ግቢው እንደ አዲስ ተሰራ፣ 1988 ላይ ዊሊ ቢ ሳርና ዛፍ ያለበት ሜዳ ላይ ወጣ። ሌሎች ጎሪላዎች ተዋወቁት፣ ቤተሰብ መሰረተ፣ 1994 ላይ የመጀመሪያ ልጁን ወለደ። 2000 ላይ ሲሞት ልጆች ነበሩት። በመሀል የተለወጠው ማቆያውና አብሮት ያለው ብቻ ነው፣ ጎሪላው ያው ጎሪላ ነው።

ጎሪላ ካነሳን አይቀር፣ "ለምን ወንድ ብቻ አመጡ? ልጅ አይወልዱ ምን አይሰሩ" የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወንድና ሴት የሚወለደው እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ አውራ ወንድ ነው የሚኖረው፣ እና የቀሩት ወጣት ወንዶች የት ይሂዱ? አንዳንድ ዙዎች የሴቱን ቤተሰብ ለሌላ ዙ ትተው የወንዶች ብቻ ግሩፕ መያዝን መረጡ። ለጎብኚው ህፃን ጎሪላ የለም፣ ለዝርያው ግን ትልቅ ውለታ ነው። ማን ከማን ጋር ይዳቀል፣ ማን የት ይሂድ የሚለው ደሞ በዘፈቀደ አይደለም፣ የዘር መዝገብ የሚባል አለ፣ እያንዳንዱ እንስሳ እናቱ አባቱ የሚመዘገብበት፣ ለአውሮፓ ጎሽ ለምሳሌ ከ1932 ጀምሮ ያለ ነው። ኮርዲኔተሩ መዝገቡን አይቶ ይቺ ሴት ወደዚህ፣ ይሄ ወንድ ወደዛ ይላል። ከዛ እንስሳው ከመንገዱ በፊት ለሳምንታት የጉዞ ሳጥኑን ይለማመዳል፣ መጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን እዛ ውስጥ ይበላል፣ ቀስ በቀስ በሩ ይዘጋል ይከፈታል፣ ያለ ማደንዘዣ በራሱ እግር እንዲገባ። ሲደርስም ኳራንቲን አለ። ተንከባካቢዎቹ አንዳንዴ አብረው ተጉዘው አዲሱ ቦታ ላይ ቀናት ይቆያሉ፣ የለመደው ድምፅ እንዳይጠፋበት።

ለውጥ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። የሆነ ዙ ሄጄ (ስሙን አልጠራም) "አዲሱ ጫካ" የተባለ ማቆያ አየሁ፣ ዛፉ እውነተኛ ነው፣ ቅጠሉ ያምራል፣ ጠጋ ብለህ ስታይ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ታጥሯል፣ እንስሳው እንዳይነካው። ቁጥቋጦውም እንደዛው። ለእንስሳው የቀረለት መሀል ያለው ሣር ብቻ ነው፣ ጥላ እንኳን እዛ ጋ አልነበረም። አዳዲስ ዛፍ እስኪጠነክር መጠበቅ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን ጫካ ብለህ አስመርቀህ እንስሳው ጫካውን የሚያየው እንደኛው ከሩቅ ከሆነ ማንን ነው ያታለልነው። ከሦስት በኩል መስታወት አድርገው እንስሳው የትም ቢዞር ሰው ፊቱ ላይ የሚሆንበትን ደሞ ባልሰሩት እላለሁ።

የማደሪያው ቤት ነገርም አለ። ዙ ማታ ይዘጋል፣ ብዙ እንስሳት ከምሽት እስከ ጠዋት ከኋላ ባለው ቤት ውስጥ ናቸው፣ ብርድ አገር ከሆነ ክረምቱን በአብዛኛው እዛ ነው። አዲስ ማቆያ ሲመረቅ ፎቶው ሁሌ የውጪው ነው። የኋላው ቤት ስንት ካሬ ነው፣ ወለሉ አሸዋ ነው ወይስ ሲሚንቶ፣ ማታ ወደ ውጪ መውጣት ይችላል ወይ ብላችሁ ተንከባካቢውን ጠይቁ፣ ስራቸውን ስለሚወዱ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሩህ።

በመጨረሻ ስለ ቀንድ አውጣ ላውራ። ፓርቱላ የምትባል የጥፍር መጠን ያላት ቀንድ አውጣ አለች፣ ፓስፊክ ውስጥ ታሂቲና አካባቢዋ ያሉ ደሴቶች ላይ የምትኖር። ሰብል የሚበላ ትልቅ ቀንድ አውጣ እንዲያጠፋ ተብሎ በ1970ዎቹ ሌላ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ደሴቶቹ ላይ ተለቀቀ፣ እሱ ግን ዞሮ ፓርቱላዎቹን በላቸው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ጠፉ፣ ጥቂቶቹን ሰዎች ሰብስበው ወደ ዙ ወሰዷቸው፣ ለንደን፣ ኤደንብራ፣ ብሪስቶል፣ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ትውልድ በትውልድ። ለዝሆን የማትበቃ አንዲት ክፍል ለነሱ ከበቂ በላይ ናት። ከ2015 ጀምሮ ጀርባቸው ላይ የቀለም ነጥብ እየተደረገባቸው በአውሮፕላን ወደ ደሴታቸው መመለስ ጀመሩ፣ ነጥቡ ማታ በመብራት ሲፈልጓቸው እንዲያበራ ነው። በኋላ ነጥብ የሌላቸው አዋቂ ቀንድ አውጣዎች ተገኙ፣ ማለትም እዛው ጫካ የተወለዱ፣ እና 2024 ላይ ፓርቱላ ቶሂቬያና የምትባለዋ ዝርያ "ከዱር የጠፋች" ከሚለው መደብ ወጣች። አሁንም በጣም አደጋ ላይ ናት፣ ሥጋ በሉም ደሴቱን አልለቀቀም፣ ስለዚህ ዙዎቹ ማራባቱንም መላኩንም አላቆሙም።