የማታ ትራፊ፣ የጠዋት ቁርስ

ፍሪጃችን ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ትንንሽ ሳህኖች አይጠፉም ነበር። አንዱ ላይ ሦስት ማንኪያ የምትሆን ምስር። ሌላው ላይ አንድ ተኩል የተቀቀለ ድንች። ሦስተኛውን ክዳኑን ከፍቶ ያየው ሰው የለም። ለአንድ ሰው ምሳ አይበቁም፣ ለመጣል ደግሞ አንጀት አይችልም። ቆይተው ቆይተው ሽታቸው ይፈርድባቸዋል፣ ያኔ በሰላም ይጣላሉ።

ጠዋት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሁላችንም እየተጣደፍን እንወጣለን። ቁርስ ማለት በቁም የተጠጣ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ነው። ማታ የሚተርፈውንና ጠዋት የሚጎድለውን ማገናኘት እንዴት ዓመታት እንደፈጀብኝ እኔም ይገርመኛል። አንድ ቅዳሜ ግን ሊጥ አቦካሁ፣ ሳህኖቹን አወጣሁ፣ ውስጣቸው የተሞላ፣ ፍሪዘር ተቀምጠው ጠዋት ጠዋት የሚሞቁ ትንንሽ ዳቦዎች ልጋግር ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ዙር ጉድ ነበር። የተረፈኝ በቲማቲም ስጎ የተሠራ የተፈጨ ስጋ ነው። አሙቄ፣ ከነመረቁ፣ እንዳለ ሊጡ ውስጥ ከተትኩት። ከ12ቱ ዳቦ ሰባቱ ኦቨን ውስጥ አፋቸውን ከፈቱ። ስጎው ትሪው ላይ ፈስሶ አረረ። ትሪውን በቢላ ስፈቀፍቅ አመሸሁ። ካልፈነዱት ውስጥ አንዱን ልጄ ለሁለት ገምሳ ትኩር ብላ አየችው። «እማዬ፣ ውስጡ የነበረው የት ሄደ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከላይ ትልቅ ባዶ ዋሻ፣ ከታች እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ያልበሰለ ሊጥ፣ በመካከል ጥፍር የምታህል ስጋ።

ጥፋተኛው ውሃ ነበር። ሊጥ ውስጥ የታፈነ ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት መውጫ ይፈልጋል፣ መጋጠሚያው ከሳሳ እዚያ በኩል ቀዶ ይወጣል። ሳይቀድ ሲቀር ደግሞ ጣሪያውን ወደ ላይ ይነፋዋል፣ ዋሻው የመጣው ከዚያ ነው። የቀረው መረቅ ወደ ታች ሰርጎ የዳቦውን ወለል ያርሰዋል። የራሰ ሊጥ ደግሞ ላዩ እስኪያር ብትጠብቁት ታቹ አይበስልም። ሙቅ አድርጌ መጨመሬ ነገሩን አባሰው፤ ሊጡ ገና በእጄ ላይ እያለ ላላ፣ የቀለጠው ስብ ጠርዙን ቀባው። ቅባት የነካው ጠርዝ ምንም ቢጫኑት አይጣበቅም።

ስለዚህ አሁን ትራፊውን መጀመሪያ መጥበሻ ላይ አደርገዋለሁ። ክዳን የለም። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልኩ ውሃውን አስወጣለሁ። መሀሉን በማንኪያ ስሰነጥቀው መጥበሻው ወለል ላይ መንገድ ይከፈታል። ያ መንገድ ወዲያው ተመልሶ ከተሞላ ገና ነው። ቀስ እያለ ከተዘጋ ተቃርቧል። ክፍት ሆኖ ከቀረ ደርሷል። አሁንም ካላመንኩት አንድ ማንኪያ ደረቅ ሳህን ላይ ቆልዬ አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። ዙሪያውን ውሃ ካቀረረ ወደ መጥበሻው ይመለሳል።

መረቁን ማጣት የሚያሳዝናችሁ ከሆነ የተፈጨ የተቀቀለ ድንች አስገቡበት። ድንች መረቁን ይጠጣና ጣዕሙን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ቤት ያ አንድ ተኩል ድንች ሥራ ያገኘው እንዲህ ነው። ደረቅ ዳቦ ፈርፍሮ መጨመርም ይሠራል፣ ብቻ ከበዛ ዳቦ በዳቦ ይሆናል።

ከዚያ ሙሌቱ ፍሪጅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ስቡ ይረጋል፣ የተበታተነው ይያያዛል። በእጅ እያድበለበልኩ በሎሚ መጠን አዘጋጀዋለሁ። ከዚህ በኋላ ሊጡን መሙላት የልጅ ሥራ ነው፤ የምር ልጄ ናት የምትሞላው።

ስለ ሊጡ ብዙ አላወራም፣ ለስላሳ የወተት ዳቦ ሊጥ ነው። 500 ግራም ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 50 ግራም ቅቤ ወይም ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 10 ግራም ጨው። አሥር ደቂቃ ይታሻል፣ ኩፍ ብሎ እጥፍ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ለ12 ይከፈላል። እያንዳንዱ ድቡልቡል ሊጥ 70 ግራም ገደማ ይመጣል፣ ውስጡ 45 ግራም ያህል ሙሌት ይይዛል። ስስት ይዞኝ 70 ግራም ሙሌት ሞክሬ ነበር። ፈነዳ። ንብርብር ያለውን በቅቤ የሚታጠፍ ሊጥም ሞክሬያለሁ፤ ትኩሱን ሲበሉት ግሩም ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ግን ፍርፋሪ ብቻ ሆኖ ይደርሳል። ማይክሮዌቭ ከገባ ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሊጡን ስትዳምጡ መሀሉ ወፈር፣ ዙሪያው ሳሳ ይበል። ጠርዙ ተሰብስቦ ሲገጠም ስለሚደራረብ ሁሉም እኩል ከሳሳ አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ወረቀት ይሆናል። መጋጠሚያው ወደ ታች ዞሮ ትሪው ላይ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት አርፎ እንቁላል ይቀባል፣ አናቱ በቢላ ጫፍ ይሰነጠቅና እንፋሎቱ መውጫ ያገኛል። 190 ዲግሪ ላይ ከ22 እስከ 25 ደቂቃ በቂው ነው።

ሁለተኛው ዙር አልፈነዳም። ግን አልጣመም! ማታ ሳህን ላይ ጨው ልክ የነበረው ምስር ዳቦ ውስጥ ሲገባ አልጫ ሆነ። ዳቦው ጣዕሙን ይውጠዋል። አሁን ሙሌቱን ቀምሼ «ትንሽ በዛ» ካላልኩ አልሞላም። ጨውም፣ ቃሪያም፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚም። ቺዝ ካለበት ብቻ በጨው እጄን እሰበስባለሁ።

ሁሉም ትራፊ ደግሞ ዳቦ አይገባውም። ወፍራም ምስር፣ የተፈጨ ድንች፣ የተጠበሰ አትክልት፣ በእጅ የተቦጫጨቀ ዶሮ፣ ፍርፍር ያለ የእንቁላል ጥብስ ደህና ናቸው። ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል በረዶ ሲነካው ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። ሰላጣና ኪያር ውሃ ብቻ ናቸው። ዓሣ ይጣፍጣል፣ ነገር ግን የሥራ ቦታ ማይክሮዌቭ ውስጥ አሙቄው የተመለከቱኝን ዓይኖች አልረሳም። ሩዝ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። ሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ አለ፣ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። ሩዙ ውጭ ከቆየ ይራባና መርዝ ይሠራል፣ መርዙን ደግሞ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ እንደበሰለ ቶሎ ያልቀዘቀዘ ሩዝ እኔ ዳቦ ውስጥ አይገባም።

ይህ ወደ ዋናው ጥንቃቄ ይወስደኛል። የተሞላ ዳቦ የተበላሸ ምግብ መደበቂያ አይደለም። የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ቢበዛ ከሦስት እስከ አራት ቀን ነው። እኔ ግን ከሁለተኛው ቀን አላሳልፍም። «ይሄ መቼ ነበር?» ብላችሁ የጠየቃችሁበት ሳህን መልሱን ራሱ ነግሯችኋል።

የተጋገሩት ሽቦ ላይ ተደርድረው ሙሉ በሙሉ ይቀዘቅዛሉ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ለብ እንዳሉ ላስቲክ ውስጥ ከተትኳቸው። እንፋሎቱ ላስቲኩ ላይ ወዛ፣ ከዚያ በረዶ ሆነ፣ ስናሞቃቸው ቆዳቸው ተላጠ። አሁን መጀመሪያ በትሪ ተዘርግተው ፍሪዘር ይገባሉ። ሲደርቁ ተሰብስበው አየሩ ተጨምቆ በወጣ ላስቲክ ይታሸጋሉ። እንዲህ ካልሆነ እርስ በርስ ተጣብቀው አንዱን ለማላቀቅ መዶሻ ያስፈልጋል። ሁለት ወር ድረስ ጣዕማቸው ደህና ነው።

ጠዋት የሚበላው ማታውኑ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይወርዳል። ሲነጋ በሶፍት ተጠቅልሎ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሞቃል። ሶፍቱ እርጥበቱን ስለሚጠጣው ቅርፊቱ አይልፈሰፈስም። መሀሉ በደንብ መሞቁን ሳያዩ መውጣት የለም፤ ቴርሞሜትር ላለው 74 ዲግሪ ነው። ጊዜ ካለ ኦቨን ይሻላል፣ ግን ጊዜ ቢኖረን መጀመሪያ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? አንድ ነገር ብቻ፦ ቅርፊቱ ለብ ያለ መስሎ ውስጡ ሊያቃጥል ይችላል። ምላሴ ምስክር ነው። ተሞቆ ቦርሳ የገባውም በሁለት ሰዓት ውስጥ መበላት አለበት።

ያላሰብኩት ችግር መለየት ነበር። ከውጭ ሁሉም አንድ ናቸው። ስጋ የማይበላ ሰው ስጋ ይደርሰዋል፣ ቃሪያ የማትችለዋ ልጄ ቃሪያው ይደርሳታል። ስለዚህ የእንፋሎቱን መውጫ ፊደል አደረግነው። አንድ ስንጥቅ ምስር፣ ሁለት ስንጥቅ ስጋ፣ መስቀለኛ ከሆነ ድንችና ቺዝ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቃሪያ አለው። ላስቲኩ ላይ ደግሞ ቀን የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፋል።

ከአንዱ በቀር። ሳልሰነጥቀው ኦቨን የገባ አንድ ዳቦ ሦስት ሳምንት ሆኖት ፍሪዘሩ ጥግ ተቀምጧል። ባለቤቴ ባየው ቁጥር አንስቶ ያገላብጠውና «ጠርጥር…» ብሎ ቦታው ይመልሰዋል።