ለመድረካችን ፍሬም ስሠራ

የአማተር ክበባችን መድረክ ከወለሉ ከፍ ያለ ጣውላ ብቻ ነበር። አዳራሹ 9 ሜትር ይሰፋል፤ ግድግዳው ነጭ ነው። ተራውን የሚጠብቅ ተዋናይ የት ይደበቅ? እኔ ቲያትር መውደድ የጀመርኩት ብሔራዊ ቲያትር ነው። መጋረጃው ሲገለጥ በዚያ ትልቅ አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ ዓለም ሲታይ አሁንም ልቤ ይመታል። ለእኛም ያ እንዲኖረን ፈለግኩ።

መድረኩን ከፊት የሚከበው ይህ ፍሬም በሙያው ፕሮሲኒየም ይባላል። ከጥንቶቹ አንዱ ጣሊያን፣ ፓርማ ከተማ ያለው ቴያትሮ ፋርኔዜ ነው። በ1618 እ.ኤ.አ. መሠራት ጀመረ፤ የተመረቀው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሲሠራ እንጨትና ጄሶ ነበር፤ እብነ በረድ እንዲመስል በቀለም አስጌጡት። ይህን ሳውቅ ደፈርኩ። እንጨትማ እኛም አናጣም!

አጥንቱን በሞራሌ፣ ፊቱን በኮምፔንሳቶ ሠራነው። ግድግዳውን መብሳት ተከልክለን ስለነበር አናጢያችን ከኋላ ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ አበጁለት፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ጆንያ ጫኑበት። «ይሄ ከወደቀ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው» አሉኝ። ጆንያውን በእጥፍ አስጨመርኩ።

የፍሬሙን ክፍት ቦታ 7 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ከፍታ አደረግኩት። የለካሁት መሀል ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዋናው ጥፋቴ ይሄ ነበር። በልምምዱ ቀን ዳር የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ንጉሡ ሳይገባ ዘውዱን ሲያስተካክል አየሁት እኮ» አሉኝ። ከእሳቸው በኩል ያለውን የመድረክ ጥግ ደግሞ ጭራሽ አላዩትም።

በማግስቱ ሲባጎ ይዤ ሄድኩ። አንዱን ጫፍ የመጨረሻው ዳር ወንበር ላይ አሰርኩ። ከዚያ በወዲያኛው የፍሬም ጠርዝ አሳልፌ እስከ ኋላ ግድግዳ ወጠርኩት። ከሲባጎው ወዲህ ያለው ሁሉ ለተመልካች ይታያል። በሁለቱም ወገን እንደዚሁ አደረግኩ። ክፍቱን ወደ 6 ሜትር አጠበብነው። በየጎኑ ሦስት ሦስት ጥቁር ጨርቅ፣ አንዱን ካንዱ ኋላ ሰቀልን። ዋና ዋና ትዕይንቶችንም ወደ መሀል አመጣናቸው።

ቀለሙም አስቸግሮኛል። የፍሬሙን ውስጠኛ ጠርዝ በሚያብለጨልጭ ወርቃማ ቀብቼው ነበር። መብራት ሲበራ ዓይን ከተዋናዩ ይልቅ እሱ ላይ ይቀራል። ወርቃማውን ለፊቱ ተውኩት፤ ጠርዙን በደብዛዛ ጥቁር ቀባሁት። እንደገና የምሠራ ከሆነ ፍሬሙ ከመቆሙ በፊት ሲባጎውን እወጥራለሁ፤ ቀለምም የምመርጠው መብራቱን አብርቼ ነው።

መድረኩ በደንብ የማይታይባቸውን አራት ወንበሮች ግን በምንም ማዳን አልቻልንም፤ ከአዳራሹ አወጣናቸው። አሁን ከጥቁሩ ጨርቅ ኋላ ናቸው። ተራቸውን የሚጠብቁ ተዋንያን ይቀመጡባቸዋል።