ያረረው ቡናው አልነበረም

እማዬ ቡና ሲያርባት አይቼ አላውቅም። ስንት ሺህ ጊዜ እንደቆላች እግዜር ይወቀው፤ አንድም ቀን «አረረብኝ» ብላ አታውቅም። ካለፈው ወር አንዷ እሁድ በቀር። ያን ዕለትም ቢሆን ያረረው ቡናው አልነበረም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አውቄም 9 ቀን ዝም አልኩ።

ቤታችን ኮተቤ ነው፤ የድሮ ግቢ። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ መሃል ላይ ጌሾ። ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። የጭቃ ግድግዳችን ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ዋይፋዩ እሱን አልፎ ጌሾው ጋ ሲደርስ ነፍሱ ልትወጣ ትንሽ ነው የሚቀራት። ችግሩ እማዬ ቡና የምታፈላው እዚያው ጌሾው ሥር መሆኑ ነው። እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በቪዲዮ ትደውላለች። እዚያ ገና ጠዋት ነው። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ፊቷ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል።

«ምነው ልጄ፣ አገጭሽ የት ሄደ?» ትላታለች እማዬ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ እየሰጠች፣ «ከስታለች፤ አልነገረችኝም እንጂ አሟታል።»

እህቴ ይሄ ነገር ሲሰለቻት አንድ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ከራውተሩ በኬብል ተቀብላ ዋይፋይ የምታሰራጭ እቃ፣ በሰው እጅ ላከች። ሳህን የምታህል፣ ነጭ፣ ደጅ ላይ የምትሰቀል። መሥሪያ ቤቷ ሊጥለው ሲል ነው ያተረፈችው። ካርቶኑን ከፍቼ ብፈልግ ብፈልግ የመብራት ገመድ የለም። ሶኬት የሚገባበት ቀዳዳ ራሱ የለም። ደወልኩላት።

«አዎ፣ አንድ ጥቁር ሳጥን ነበረው። ሻንጣው ከ23 ኪሎ አልፎ አስቸገረኝ፤ ቻርጀር መስሎኝ አወጣሁት። ቻርጀር እዚያ ሞልቶ የለ?»

በሳጥኑ ቦታ ለእማዬ የጉልበት ቅባት አስገብታለች። ሁለት ብልቃጥ።

ያ ጥቁር ሳጥን ፒኦኢ ኢንጀክተር ይባላል። ሥራው መብራትንና ዳታን በአንድ የኔትወርክ ኬብል አጣምሮ መላክ ነው። ጣሪያ ጥግ ሶኬት ስለሌለ አንድ ኬብል ብቻ ትዘረጋለህ፣ እቃው በዚያው ይበላል፣ በዚያው ያወራል። ጥሩ ፈጠራ ነው። ምንም አልወጣለትም። መርካቶ ሄድኩ።

«ፒኦኢ ኢንጀክተር አለህ?»

«ሞልቷል ብራዘር።»

«ስንት ቮልት ነው?»

«ያው ነው።»

እዚህ ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ። ስንት ቮልት ነው ተብሎ ለተጠየቀ «ያው ነው» መልስ አይሆንም። ግን ሰውየው ሲለው እንዴት እንደሚያሳምን! ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ መሰላል አቆምኩ። ታናሽ ወንድሜ ሳሎን ሆኖ ይሰካል፣ እኔ ጣሪያው ጥግ ላይ ሆኜ መብራቷን አያለሁ። ቡቺ መሰላሉ ሥር ቆሞ ይጮኻል። ሌባ መስዬዋለሁ።

«በራ?» ይላል ወንድሜ ከውስጥ።

«አልበራም!»

«አሁንስ?»

«አልበራም!»

«አሁንስ?»

ሦስተኛው ላይ የጎረቤታችን ድምፅ ከአጥር ማዶ መጣ። «መብራትማ አለ ልጆች! እኛ ጋ በርቷል፤ ቆጣሪያችሁን እዩ!»

ወርጄ ሁለቱን እቃዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ጀርባቸውን አነበብኩ። ከመግዛቴ በፊት ማንበብ እንደነበረብኝ እኔም አውቃለሁ፤ አስተያየት መስጫው ላይ አትንገሩኝ። የገዛሁት 24 ቮልት ይላል። አክሰስ ፖይንቷ ደግሞ 48 ቮልት፣ 802.3 ኤኤፍ። ይሄ ኤኤፍ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የፒኦኢ ደረጃ ነው። በዚያ ደረጃ የተሠራ ኢንጀክተር ጨዋ ነው። ኬብሉ ሲሰካ መጀመሪያ ሙሉ ቮልቱን አይለቅም። ትንሽዬ ቮልት ልኮ ማዶ ያለው እቃ ውስጥ 25 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስተር፣ ማለትም መብራትን የሚገታ ትንሽ ቁራጭ፣ ይፈልጋል። በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ እንደመጥራት ነው። «አቤት፣ ይግቡ» የሚል ሲያገኝ ነው 48ቱን ይዞ የሚገባው። የሚመልስ ከሌለ ዝም ብሎ ይቆማል። ፓሲቭ የሚባለው ግን ቤቶች ማለት አልተማረም። በር ገፍቶ ይገባል። ማን ይኑር ማን አይኑር ጉዳዩ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት ማታ ስልኬ ላይ አነበብኩ። አንብቤም ተረዳሁ። ተረድቼም በማግስቱ ሄጄ ፓሲቭ ገዛሁ።

ምን ላድርግ! ሰውየው ሁለት እቃ አወጣልኝ። አንዱ ካርቶን ያለው፣ ኤኤፍ ተብሎ የተጻፈበት። ሌላው ካርቶን የሌለው፣ ሆዱ ላይ «48 ቮልት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ዋጋው የዚያኛው ግማሽ።

«ይሄኛውስ?»

«48 አይደል የፈለግከው? 48 ነው። ያው ነው።»

እና ሠራ። ሰማያዊ መብራቷ ጣሪያው ጥግ ላይ ቦግ አለች። ሦስት እሁድ የእህቴ አገጭ ከነሙሉ ክብሩ ጌሾው ሥር ታየ። «ጸጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?» አለቻት እማዬ። ከተቆረጠች አራት ወሯ ነው።

አራተኛው እሁድ የማኅበር ጓደኞቿ ለቡና ተጠርተው ነበር። ቅዳሜ ቤቱ ተገለበጠ። ቴሌቪዥኑ፣ ራውተሩ፣ ዲቫይደሩ ሁሉ ተነቅሎ ተወለወለ። ወንድሜ ኢንጀክተሩንም በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎታል። እጁ ይባረክ፤ የትኛው ቀዳዳ የራውተሩ፣ የትኛው የአክሰስ ፖይንቷ እንደሆነ የምትናገረውን ወረቀት አብሮ ጠርጎታል።

እሁድ 9 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እማዬ ከውጭ ተጣራች። «አንተ ልጅ፣ ኔትወርኩን አምጣው እንጂ! ልትደውል ነው!»

እጄ ላይ ሁለት ኬብል፣ ፊቴ ሁለት ቀዳዳ። መንታ ናቸው፤ እናታቸው ራሷ አትለያቸውም። ገመትኩ። ሰካሁ። የኢንጀክተሩ አረንጓዴ መብራት በራ። እሰይ ብዬ ወጣሁ።

እማዬ በዚያች ቅጽበት የተቆላውን ቡና ይዛ እንግዶቹን እያዞረች ነበር። ጭሱን በመዳፋቸው ወደ ፊታቸው እየጠሩ ያሸታሉ፤ «እሰይ፣ ይሄ ነው ቡና» ይላሉ። ሦስተኛዋ እትዬ ጋ ስትደርስ የሳሎኑ መስኮት በኩል ነፋስ መጣ። እትዬ ጭሱን ወደ አፍንጫቸው ጠርተው፣ ቆም አሉ። እንደገና ጠሩ። ከነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«እንደው… ላስቲክ ላስቲክ አይልም?»

ሁሉም ዝም አለ። እማዬ ምጣዱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፍሬዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ወዛቸው እንደወጣ አይቻለሁ፤ አንዲት ጥቁር የለችባቸውም። አሸተተች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«አረረብኝ መሰለኝ» አለች፣ በማላውቀው ድምፅ።

እኔ ሽታው ገብቶኝ ወደ ሳሎን ሮጬ ነበር። ራውተሩ ጨልሟል። ከኬብል መሰኪያው በኩል እንደ ዕጣን ቀጭን ጭስ ይወጣል። ነቀልኩት፣ መስኮቱን በሰፊው ከፈትኩት፤ ይሄ ደግሞ ሽታውን ይበልጥ ወደ እንግዶቹ ላከው። ስወጣ እማዬ ያን የመሰለ ቡና ጌሾው ግንድ ላይ ደፍታ ሌላ ልታጥብ ትነሳለች። «ኔትወርክ የለም ዛሬ» አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚጠራጠር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሰኞ ራውተሩን ይዤ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ፈቶ ከማጉያ መነጽሩ ሥር አስቀመጠውና «ና እይ» አለኝ። ከመሰኪያው ጀርባ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሬዚስተሮች ተደርድረዋል። ደህና የቀሩት ላይ 750 የሚል ይነበባል፤ 75 ኦም ማለት ነው። ሁለቱ ግን ከሰል ሆነዋል።

«48 ቮልት በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ስታሳልፍ እያንዳንዷ 8 ዋት ሊጠጋ ምንም አይቀራት። አቅሟ የዋት አንድ አስረኛ ነው። ማን ላከባት?»

«እኔ።»

«ኢንጀክተርህ ጠይቆ ነው የሚሰጥ ወይስ ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

ሳቀ። ከዚያ ቺፑም አብሮ መሄዱን ነገረኝ፤ ይሄኛው ላይ አልሳቀም።

ራውተር ገዛሁ። ከዚያ እዚያው ሱቅ ተመለስኩ፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ኤኤፍ የተጻፈበት፣ ካርቶን ያለው። ዋቱንም ጠየቅኩ። ኤኤፍ 15.4 ዋት ይልካል፣ ማዶ ላለው እቃ የሚደርሰው 12.95 ነው፤ ቀሪው ለኬብሉ መንገድ ቀረጥ ነው በሉት። ለእኔዋ ይበቃታል። ከበድ ያለ ካሜራ ወይም ትልቅ አክሰስ ፖይንት ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ኤቲ የሚሉትን ደረጃ፣ 30 ዋቱን ይፈልጋል። ጊጋቢት መሆኑንም ጠየቅኩ፤ ርካሾቹ ኬብሉ ውስጥ ያሉትን ሰማያዊና ቡናማ ሽቦዎች ለመብራት ብቻ ስለሚይዟቸው የዳታው ፍጥነት 100 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። ኬብልም ልቀይር አልኩ።

«መዳብ ነው?»

«ያው…»

ኪሴ ውስጥ ምላጭ ይዤ ነበር የሄድኩት። የአንዷን ሽቦ ጫፍ ፋቅ ሳደርጋት መዳቡ ልጣጭ ብቻ ሆኖ ከሥሩ ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። እንዲህ ዓይነቱ መብራት ሲሸከም ይሞቃል፣ ቮልቱንም መንገድ ላይ ይበላዋል። ሰውየው ምላጩን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ ዛሬ ምን ነክቶሃል?» ብሎ ከኋላ ትክክለኛውን አመጣልኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ጥሩ ነበር። ግን በ9ኛው ቀን ጠዋት እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ደረሰችብኝ።

«ወዴት ነው?»

«ቡና የምትሸጥልኝ ሴትዮ ጋ። 20 ዓመት ደንበኛዋ ነኝ፤ ላስቲክ ቀላቅላ ትሸጥልኛለች? ዛሬ እነግራታለሁ።»

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። እሷም እማዬን የምትፈራ ሰው አይደለችም። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀዳዳዎቹን፣ ፓሲቩን፣ ጭሱን። እማዬ ቆማ ሰማችኝ።

«ስለዚህ ቡናዬ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ያ የደፋሁት?»

«እሱም።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ስልኳን አነሳችና አራቱንም እትዬዎች በየተራ ደወለችላቸው። ሰላምታ የለ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ። «ቡናው አልነበረም። የልጁ ሽቦ ነው» ብላ ትዘጋለች።

ቀጥላ ወደ ሳሎን ገባች። «የቱ ነው ቀዳዳው?» አሳየኋት። ጓዳ ገብታ እህቴ ትታው የሄደችውን ቀይ ኩቴክስ አመጣች፤ ከመድረቁ ብዛት ክዳኑን በጥርሷ ነው የከፈተችው። በአክሰስ ፖይንቷ ቀዳዳ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባች። አዲሱ ኢንጀክተር ቢሳሳቱበት እንኳ ቤቶች ብሎ፣ መልስ አጥቶ ዝም እንደሚል ላስረዳት ሞከርኩ።

«ዝም ይበላ። አንተም ዝም በል» አለች ኩቴክሱን እፍ እያለችበት። «እሁድ ደግሞ ቡናውን አንተ ነህ የምትቆላው።»

እሁድ እትዬዎቹ በሙሉ መጡ፤ አንድ የቀረ የለም። ስልኩ ረከቦቱ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ምስሉ እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም። ከምጣዱ ላይ ጭሱ ወደ ጥቁርነት ሲያደላ ከሁሉም ቀድማ ያየችው ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ናት።

«እማዬ፣ እማዬ! ኧረ ቀሚው! አረረ!»