የወደቀው ጥርስ

ልጅ ሳለሁ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ ከአያቴ ቤት ስንኖር ጠዋቱ የሚጀምረው በሕልም ነበር። እሳቱ ተያይዞ፣ ባናው ከላያችን ተገፍፎ፣ ማንም ወደ ሥራው ከመሰማራቱ በፊት ሌሊት ያየውን ያወራል፤ ሰሚውም ምን እንደታየ ገና ሳያውቅ «ለበጎ ያድርገው» ይላል። አያቴ ቆብ የደፉ ስለሆኑ የምንጠራቸው እማሆይ እያልን ነው፤ የሁላችንንም ሕልም የሚፈቱት እሳቸው ነበሩ።

አንድ የኅዳር ጠዋት እማሆይ የራሳቸውን ሕልም ተናገሩ። «የመንጋጋ ጥርሴ ወልቆ መዳፌ ላይ ቁጭ አለ፤ ደም የለው፣ ሕመም የለው» አሉና፣ ጥርሱ አሁንም እዚያው ያለ ይመስል የተዘረጋውን መዳፋቸውን ዝቅ ብለው ተመለከቱት። በእኛ ቤት አፈታት የፊት ጥርስ ወጣት፣ መንጋጋ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ዘመድ ስለሆነ «ለበጎ ያድርገው» የሚለው ድምፅ በዚያ ጠዋት በጣም ዝቅ ያለ ነበር። በአራተኛው ቀን ከደብረ ሲና መርዶ መጣ፤ ታላቅ ወንድማቸው ዐርፈው ነበር።

ይህን ታሪክ ቤተሰባችን በየለቅሶው ያወሳዋል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ለማያምኑኝ ጓደኞቼ ስተርክ ኖሬአለሁ። የማልተርከው ሌላ ሕልም ግን ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ለአንድ የሥልጠና ፈተና በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ልሄድ በተዘጋጀሁበት ዋዜማ፣ እማሆይ ዳግመኛ ጥርሳቸው ሲወድቅ አዩ፤ በዚህ ጊዜ የወደቀው የፊት ጥርስ ነው። እናቴ ሻንጣዬን አልጋ ሥር ከታ «ዛሬ መንገድ አትወጣም» አለችኝ። አውቶቡሱ በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ፣ ከዘመድ የሞተ አልነበረም፣ ፈተናው ግን አመለጠኝ። በቤታችን ያንን ሕልም ዛሬ የሚያስታውስ ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ እኔም ያስታወስኩት ዋጋ ስላስከፈለኝ ብቻ ይመስለኛል።

ስለ ሕልም ያለኝ ሐሳብ መለወጥ የጀመረው እነዚህን ሁለት ጥርሶች ጎን ለጎን ካስቀመጥኋቸው በኋላ ነው። የደረሰው ሕልም ተራኪ አያጣም፤ ያልደረሰው በዚያው ቀን ይረሳል፤ ስለዚህ ከሃያ ዓመት በኋላ ተሰብስበን ስንቆጥር በእጃችን የሚገኙት የደረሱት ብቻ ናቸው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። አንድ ሕልም በአጋጣሚ ከነገው ነገር ጋር የመግጠም ዕድሉ ከ10,000 አንድ ብቻ ነው ብለን እናስብ፤ እያንዳንዱ ሰው በሌሊት አንድ ሕልም ብቻ ቢያይ እንኳ፣ ምንም ምስጢር ሳይኖርበት በየማለዳው በዞናችን ወደ 180 የሚሆኑ ሰዎች የደረሰ ሕልም ይዘው ይነሣሉ ማለት ነው። እነዚህ 180ዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚናገሩት አላቸው፤ የቀሩት ፊታቸውን ታጥበው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

አስቀድሞ የመቁጠርን ነገር በሚገባ ያሳየኝ በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 የታዋቂው አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ተሰርቆ አገሩ ሁሉ በተጨነቀበት ወቅት፣ የሐርቫርድ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ስለ ሕፃኑ ሕልም ያየ ሰው እንዲጽፍላቸው በጋዜጣ ጠየቁ፤ ከ1,300 በላይ ሕልሞችም ደረሷቸው። ሕፃኑ በኋላ የተገኘው ሞቶ፣ በዛፎች መካከል፣ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተቀብሮ ነው። ከተላኩት ሕልሞች ልጁን ሞቶ ያሳዩት ከመቶ አምስት ያህሉ ሲሆኑ፣ መሞቱን፣ መቀበሩንና ዛፎቹን አንድ ላይ የያዙት አራት ብቻ ነበሩ። ሕልሞቹ አስቀድመው በጽሑፍ ባይሰበሰቡ ኖሮ እኛ ጆሮ የሚደርሱት እነዚያ አራቱ ብቻ በሆኑ ነበር፤ ስንሰማቸውም በተንቀጠቀጥን።

እኔም በአንድ ዐቢይ ጾም ደብተርና እርሳስ ከራስጌዬ አድርጌ 55ቱንም ቀን ያየሁትን ከአልጋ ሳልወርድ ለመጻፍ ሞከርኩ። አንድ ጠዋት የጻፍኩት «የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ዩኒፎርም ለብሶ የጠፋ በግ ይፈልጋል፤ እኔ አጥር ላይ ተቀምጬ አላገዝኩትም» የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን ለዓመታት ድምፁን ያልሰማሁት ያው ጓደኛዬ ስልክ ደወለ፤ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «ትደውላለህ ብዬ በሕልሜ አይቼሃለሁ እኮ!» አልኩት። ማታ ደብተሩን ስገልጥ ስልክ የሚል ቃል የለበትም፣ ይደውላል የሚልም የለበትም፤ ያለው በግና አጥር ነው። ያልኩትን ስናገር አልዋሸሁም፤ በዚያች ደቂቃ እንደዚያ አድርጌ አይቼው ነበር። ሕልም ከነቃን በኋላም እየተሠራ እንደሚቀጥል፣ የሆነው ነገር ወደ ኋላ ሄዶ ያየነውን እንደሚያስተካክለው ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠራጠርም።

አባቶቻችን «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ሲሉ ይህን ሳያዩ የቀሩ አይመስለኝም። የለቅሶ ሕልም ደስታ ነው፣ የሠርግ ሕልም ሐዘን ነው በሚባልበት አፈታት ሕልሙ የማይገጥመው ነገር የለም። ቀጠሮም የለውም፤ በሦስት ቀን ካልደረሰ ሳምንት ይጠበቃል፣ በቤት ካልሆነ ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ደግሞ ለቅሶ ሳይሰማ የሚያልፍ ወር የለም። ከሕልም ውጭ ያለ ምልክትም አፈታቱ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ በታየው ብርሃን ነው፤ ንጉሡም ብርሃኑን ከጥቂት ሳምንታት በፊት መናፍቃን ተብለው በድንጋይ በተወገሩት ሰዎች ላይ የፈረደውን ፍርድ እግዚአብሔር እንደወደደለት ምልክት አድርጎ ተቀበለው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የተወገሩት ሰዎች ዘመዶች ቢጠየቁ ኖሮ ያንኑ ብርሃን ለሟቾቹ የወረደ አክሊል ባሉት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህን የምጽፈው እምነቴን ትቼ አይደለም። የዮሴፍን ታሪክ እንደገና ሳነብ የሚያስደንቀኝ ጥንቃቄው ነው፤ ዮሴፍ ፍቺውን የተናገረው ነገሩ ከመሆኑ በፊት፣ በቁጥር፣ በፈርዖን ፊት ነው። ለእስረኞቹ ሦስት ቀን አለ፤ ለንጉሡ ሰባት የጥጋብና ሰባት የረኀብ ዓመት አለ፣ ከእህሉም አምስተኛው እጅ ይከማች ብሎ ሥራ አዘዘ። ባይደርስ ኖሮ ማምለጫ አልነበረውም። ሲራክም ሕልምን የሚከተል ሰው ጥላ ለመጨበጥና ነፋስ ለማባረር እንደሚሮጥ ነው ብሎ፣ ከልዑል የተላከውን ብቻ ለይቶ ያወጣል። እኔ በጥርስ ሕልም መንገደኛ ሲቀር፣ ከዚያም አልፎ ታማሚ «ሕልሙ ደግ ነው» ተብሎ ከሕክምና ሲዘገይ አይቻለሁና፣ ሁሉንም ሕልም ከዮሴፍ ሕልም ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥ ድፍረት ይመስለኛል።

ያም ሆኖ የእማሆይ የመጀመሪያው ሕልም ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም። አርስጦትል ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ደረሱ ከሚባሉት ሕልሞች አብዛኞቹን አጋጣሚ ቢላቸውም፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንሿ ነገር ትልቅ ሆና እንደምትሰማ ያስረዳል፤ በጆሮ ውስጥ ያለች ቀጭን ድምፅ ነጎድጓድ፣ በአንድ የሰውነት ክፍል ያለች ጥቂት ሙቀት በእሳት ውስጥ መሄድ ትመስላለች፤ ስለዚህም ሐኪሞች ሕልም ችላ እንዳይባል ይመክራሉ ይላል። ቀን በሥራ ተጠምደን አይተን ያላየነውን፣ ፈርተን ያልተናገርነውን ነገር ሌሊቱ አጉልቶ ሊያሳየን ይችላል ማለት ነው።

ባለፈው ጥር መሐል ሜዳ በሄድኩ ጊዜ ይህን እያሰብኩ ስለነበር፣ ማታ እሳት ዳር እንደተቀመጥን «እማሆይ፣ ያኔ ጥርሱን ከማየትዎ በፊት ስለ ወንድምዎ ሐሳብ ገብቶዎት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«ለሚካኤል ልጠይቀው ወርጄ አልነበር፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ስመለስ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ጫማው አልገባ ብሎት በባዶ እግሩ ነው የሸኘኝ፤ እግሩ እንዲህ አብጦ፣ ቆዳው ያብለጨልጫል። ሐኪም ቤት ሂድ ሳልለው መጣሁ።»

ከዚያም እንደዚያ ጠዋት መዳፋቸውን ዘርግተው ተመለከቱት።