ወንፊቱና ስኳሩ

የአከራዬ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ ክፍል ትመጣና በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነዎት?» ትላለች። ሥራ ቢኖረኝም ባይኖረኝም «ግቢ» እላታለሁ።

ትናንት ባመጣችው ደብተር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። «አይ ቦሮውድ ማይ ፔን ቱ ማይ ፍሬንድ» ብላ ጽፋ ነበር። እስክሪብቶዬን ለጓደኛዬ አዋስኳት ማለቷ ነው። ኤክሱ ትልቅ ነው፤ ወረቀቱን ሊቀደው ትንሽ ነው የቀረው። ምኑ ጋ እንደተሳሳተች የሚነግር አንድ ቃል ግን አጠገቡ የለም።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

እኔም ድሮ የተማርኩትን ነገርኳት። ቦሮው መቀበል ነው፣ ሌንድ መስጠት ነው። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ዛሬ ስጠይቃት መልሳ ገለበጠችው። አልፈረድኩባትም። እኔም በእሷ ዕድሜ ሁለቱን እያምታታሁ ነው ያደግኩት።

የደረሰልን የጎረቤት ልጅ ነው። ደብተሩን እንደገለጥን ግቢ ገብቶ «እማዬ ወንፊት አውሱን ብላለች» አለ። እማማ ወንፊቱን ከጓዳ አወጡ። ጠርዙ ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አራገፉና ሰጡት። ልጁ ሮጦ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ባዶ ሲኒ ይዞ ተመለሰ። «ስኳርም አበድሩን ብላለች።»

ልጅቷን አየኋት። «ለወንፊቱ አውሱን አለ። ለስኳሩ ለምን አበድሩን አለ?»

ትንሽ አሰበች። «ወንፊቱ ራሱ ይመለሳል። ስኳሩማ ያልቃል፤ የሚመልሱት ሌላ ስኳር ነው።»

ይህን በክፍል ውስጥ ማንም አላስተማራትም። ከእናቷ ጓዳ የለቀመችው ነው። ገንዘብም እንደ ስኳሩ ነው። ያበደርኩት መቶ ብር ራሱ አይመለስም፤ በምትኩ ሌላ መቶ ብር ይመጣል። ለዚህ ነው ብር የማንዋሰው፣ የምንበደረው።

እንግሊዝኛ ይህን አይለይም። ወንፊቱም፣ ስኳሩም፣ ብሩም በአንድ ቦሮው ያልፋሉ። እሱ የሚለየው ሰጪና ተቀባይን ነው። ለዚያም ሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት አሉት። እኛ ደግሞ ያንን በአንዲት ፊደል እንጨርሰዋለን። ተዋሰ፣ አዋሰ። ተበደረ፣ አበደረ። ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። በደብተሯ ጠርዝ ላይ «ተ» ቦሮው፣ «አ» ሌንድ ብላ ጻፈች። አምስት ጥያቄ አወጣሁላት። አምስቱንም አገኘች።

ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ። «ተከራየ እና አከራየስ?»

ሬንት ነው አልኳት።

«ሁለቱም? እማዬም ሬንት፣ እርስዎም ሬንት? ታዲያ ቤቱ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

እውነቷን ነው። ከቃሉ ቀጥሎ በሚመጡት በቱ እና በፍሮም ይታወቃል፤ አንዳንዴም ለአከራዩ ሬንት አውት ይላሉ። እንግሊዞች ለአከራዩ ሌት የሚል ቃልም አላቸው፤ በሚከራይ ቤት ላይ «ቱ ሌት» ብለው ይሰቅላሉ። ለእስክሪብቶ ሁለት ቃል ያወጣ ሕዝብ ለቤት ሲሆን ሬንትን ለሁለቱም ወገን ማዋሉ እኔንም ገርሞኛል።

ቦሮው የሚለው ቃል ጥንት የተያያዘው ከዋስትና ጋር ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቦርግ» ማለት መያዣ ወይም ዋስ ነበር። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው «ተዋሰ» ነው። «ዋስ» ውስጡ ይሰማኛል። ወንፊት የሰጠ ሰው፣ ወንፊቱ እስኪመለስ የሚይዘው የጎረቤቱን ቃል ነው።

እንግሊዝኛ ተቀራራቢ ቃል የበዛበት ብዙ ስለተዋሰም ነው። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ሲይዙ ቋንቋቸውንም ይዘው ገቡ። በሬው፣ በጉና አሳማው በቀድሞው የአገሬው ስም ኦክስ፣ ሺፕ፣ ፒግ ተብለው ቀሩ። ሥጋቸው ግን ዛሬም በፈረንሳይኛ መጤዎቹ ቢፍ፣ መተን፣ ፖርክ ይባላል። አሮጌውና መጤው ጎን ለጎን ሲኖሩ ሥራ ተከፋፈሉ። አስክ ማንም ማንንም የሚጠይቅበት ነው። ከላቲን የመጣው ኢንተሮጌት ግን የፖሊስ ጣቢያ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ «ሲኖኒም» ብሎ ማሸምደድ ልጆቻችንን የሚጎዳ ይመስለኛል። እኛስ «ሞተ» እና «አረፈ» አንድ ናቸው እንላለን? «ውሻችን አረፈ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

እኔን ያስከፈለኝ ሌላ ጥንድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ፈልጌ ውጭ አገር ላለ ሰው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ በአማርኛ «ምላሽዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ» የምንለውን አሰብኩና «አይ ኤክስፔክት ዩር ሪፕላይ» ብዬ ዘጋሁት። መልሱ አንዲት ቀዝቃዛ መስመር ነበረች። ምክንያቱን የነገረኝ አንድ ወዳጄ ነው። «የትእዛዝ ቃና አለው» አለኝ፤ «መልስ መስጠት ግዴታዎ ነው እንደማለት ነው።» ያኔ አፈርኩ። አክብሮቴ በመንገድ ላይ ተገልብጦ ነበር የደረሰው።

«ጠበቀ» ለእኛ ሰፊ ቤት ነው። ታክሲም፣ እንግዳም፣ ደመወዝም እንጠብቃለን፤ ከብትም እንጠብቃለን። እንግሊዝኛ ይህን ቤት በግድግዳ ይከፋፍለዋል። ልዩነቱ በደንብ የገባኝ አንድ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሜ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች ጀርባ ቆመዋል። አንዱ አባ ኮዳ፣ ቢላዋ በተነሳ ቁጥር አንገቱን ዘርጋ ያደርጋል። የአምባዛው ጭንቅላት ወደ እሱ እንደሚጣል ያውቃል፤ ትናንትም ተጥሎለታል። ያ ኤክስፔክት ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ልጅ መንጠቆ ውኃው ውስጥ ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ክሩን በጣቱ ይዞ ዝም ብሏል። ዓሣው ይምጣ አይምጣ አያውቅም፤ እንዲመጣ ግን ይፈልጋል። ያ ሆፕ ነው። ሁለቱም እዚያው እያሉ ሰዓት እየሄደ መሆኑ ደግሞ ዌይት ነው። በአማርኛ ሦስቱንም «ይጠብቃሉ» ብዬ አልፋቸው ነበር።

ነገ ማታ ልጅቷን እዚህ ላይ አመጣታለሁ። አሞራ ገደልን ስለምታውቀው ብዙ አልደክምም።

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ወንፊቱ ቅድም ተመልሶ ጓዳ ገብቷል፤ ስኳሩ ገና ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ነገ የምልከው ሌላ የሥራ ደብዳቤ አለ። የመጨረሻዋን መስመር ጻፍኳት፣ ሰረዝኳት፣ እንደገና ጻፍኳት። በሆፕ ጀመርኳት።