ኪኒኑ እስኪዋጥ ድረስ

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ የመጣች ተማሪ «ሲስተር፣ ሁሉም እስኪውጥ ቆመን ካየን መቼ ልንጨርስ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። በሽተኛው ብዙ፣ ነርሷ አንድ በሆነችበት ክፍል የጠዋት መድኃኒት መስጠት ሩጫ ነው። መልሱ ግን ቆሞ የሚነገር አልሆነልኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፍላት።

ከዓመታት በፊት ነው። የውስጥ ደዌ ክፍል እሠራ ነበር። የደም ግፊታቸው አልወርድ ያለ አንዲት እናት ተኝተዋል። የታዘዘላቸው አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራምና ኢናላፕሪል የተባሉ የግፊት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱም በቀን አንዴ፣ ጠዋት። ኪኒኖቹን በትንሿ ኩባያ አድርጌ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣለሁ፣ «እማማ፣ ይዋጡት እሺ» እላለሁ፣ «እሺ ልጄ፣ ተባረኪ» ይሉኛል፣ መድኃኒቱ ተሰጥቷል ብዬ ፈርሜ ወደ ቀጣዩ አልጋ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ በሽተኞቹን ሊያይ ሲዞር (ራውንድ) ቻርቱን አየ። መድኃኒቱ ተሰጥቷል ይላል፣ ግፊቱ ንቅንቅ አላለም። አምሎዲፒኑን ወደ 10 ከፍ አደረገው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አንሶላ ስንቀይር ትራሱ ሥር በመሐረብ የተቋጠሩ ስድስት ኪኒኖች አገኘን።

ፍልሰታ ነበር። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ከዘጠኝ በኋላ ልዋጠው ብለው ያስቀምጡና መሽቶ ይረሱታል። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው «ሥራ በዝቶብሽ እያየሁ እንዴት ላስቸግርሽ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ሐኪሙ መጠኑን የጨመረው የእኔን ፊርማ አምኖ ነው። ጾሙ ተፈትቶ ሁሉንም በአግባቡ መዋጥ ቢጀምሩ፣ ያልሞከሩት መድኃኒት መጠኑ እጥፍ ሆኖ ነበር የሚገባላቸው። የዚያኑ ቀን ለሐኪሙ ነገርኩት። መጠኑን ወደ 5 መለሰው፣ ሰዓቱንም ወደ ከሰዓት 10 አዛወረው። የንስሐ አባታቸው መጥተው የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ቢነግሯቸውም እሳቸው በጄ አላሉም። ይሁን፣ ሰዓቱን ማዛወር ምንም አልከበደንም። መጀመሪያውኑ «እየጾሙ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁሉም በዚያች ጥያቄ ያልቅ ነበር። በረመዳንም እንደዚሁ ነው፣ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

እና እህቴ፣ ለዚህ ነው ቆሜ የማየው። ጎንበስ ብዬ ውኃውን አቀብላለሁ፣ ሲውጡ አያለሁ፣ ከተጠራጠርኩ «እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» እላለሁ። የምፈርመው ከዚያ በኋላ ነው።

ስም ላይም ተጠንቀቂ። ትምህርት ቤት ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠን፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓት ብለን ሸምድደናል። የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ እኛ አገር ግን እንደሱ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከበደ፣ ሦስት አልማዝ ይተኛል፣ አንዳንዴ የአባታቸው ስም ሳይቀር አንድ ይሆናል። «ወይዘሮ አልማዝ ነዎት?» ብለሽ ከጠየቅሽ ጆሯቸው የደከመ እናት አክብረውሽ «አዎ ልጄ» ይሉሻል። እንደዚያ አትጠይቂ። «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» በይና ከካርድ ቁጥሩ ጋር አስተያዪ። አስታማሚዎቹ በቤት ስም ነው የሚጠሯቸው፣ ካርዱ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። አልጋ ቁጥርን ብቻ ደግሞ በፍጹም አትመኚ። ማታ አልጋ ይቀያየራል።

ሰዓት ደግሞ የእኛው ልዩ ጣጣ ነው። ካርዱ ላይ 8 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ወይስ በእኛ? አንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ሌላው ቀን ስምንት። ካልገባሽ የጻፈውን ሰው ጠይቂ እንጂ አትገምቺ። ወደ ቤት የሚሄዱትንማ «በየስምንት ሰዓቱ ይውሰዱ» ብለሽ አትሸኚ፤ «ስምንት ሰዓት ላይ» ብለው ሰምተው በቀን አንዴ ብቻ የሚውጡ አጋጥመውኛል። «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» በያቸውና መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ።

ሌላው መዋጥ መቻላቸው ነው። ተኝቶ ኪኒን አይዋጥም። ቀና አድርገሽ አስቀምጫቸው፣ መጀመሪያ ትንሽ ውኃ ይቅመሱ። በተለይ ስትሮክ የመታው ሰው ከሆነ፣ ሲውጥ ካሳለው ወይም ድምፁ ውኃ የያዘ ከመሰለ እዚያው አቁሚና ለሐኪሙ ንገሪ። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይውሰድ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህልም አይተኛ፤ ጉሮሮው ላይ ከቀረ ያቆስላል። አልዋጥ ካለ ፈጭቶ መስጠት ቀላል ይመስላል። ግን ሁሉም አይፈጭም። ሪታርድ የተባለውን ኒፌዲፒን ከፈጨሽው ቀስ እያለ ሊለቀቅ የነበረው መድኃኒት ባንዴ ይገባና ግፊቱን ቁልቁል ይጥለዋል። ኦሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒት እንክብል ውስጥ ያሉትን ፍሬዎች ከደቆስሻቸው ደግሞ የጨጓራ አሲድ ያበላሻቸዋል። ከመፍጨትሽ በፊት ፋርማሲ ደውዪ፣ ምናልባት በሽሮፕ የሚመጣ አለው።

ሽሮፕ ካልኩ አይቀር፣ ልጆች ላይ የምፈራው ማንኪያ ነው። አሞክሳሲሊን በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለውም፣ 250 ያለውም አለ። «አንድ ማንኪያ» ብቻ ካልሽ ጠርሙሱ ሲቀየር መጠኑ እጥፍ ይሆናል ወይም በግማሽ ይቀንሳል። የቤት ማንኪያም ትልቅና ትንሽ አለው። ልጁን መዝኚ፣ በኪሎው አስልተሽ በሚሊ ሊትር ንገሪያቸው፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅም ስጫቸው። በጉንጩ በኩል ቀስ እያደረጉ ነው የሚሰጡት። አፍንጫውን ይዞ መጋት የለም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እናትየው ፊትሽ አንዴ ለክታ ታሳይሽ።

አልውጥም ያለ ሰውም ይኖራል። መብቱ ነው፣ አትቆጪው። ለምን እንደሆነ ጠይቂና የነገረሽን ቻርቱ ላይ ጻፊ፣ ለሐኪሙም ንገሪ። እንደተሰጠ አድርገሽ ግን አትፈርሚ።