የጥርስ ሐኪሜን እንዴት አጣሁት፣ እንዴትስ መልሼ አገኘሁ

ለንደን እንደገባሁ ሰፈሬ ያለ፣ በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) የሚያክም የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ፎርም ሞላሁ፣ አንድ ጥርስ አስሞላሁ። በቃ ተመዝግቤያለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያመመኝ ነገር አልነበረም። እኛ ደግሞ ሳያመን ጥርስ ሐኪም ቤት መሄድ አልለመድንም። በመፋቂያ ያደገ ሰው «ደህና ጥርሴን ምን ብዬ ላሳይ?» ነው የሚለው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2022 አንድ ሌሊት መንጋጋ ጥርሴ አሞኝ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ጉንጬን በቀዝቃዛ ፎጣ ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ነጋ። ክሊኒኩ ሲከፈት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስሜን ፈልጋ አገኘችው። «ከሁለት ዓመት በላይ ስላልመጡ ከታካሚዎቻችን ዝርዝር ወጥተዋል። አሁን አዲስ የኤንኤችኤስ ታካሚ አንቀበልም። በግል ከሆነ ዛሬ ከሰዓት ቦታ አለ» አለችኝ። ሳትነግሩኝ እንዴት ታስወጡኛላችሁ ስላት፣ መልእክት የላኩበትን ስልክ ቁጥር አነበበችልኝ። ድሮ የጣልኩት ሲም ቁጥር ነው።

ሕመሙ ሲለቀኝ ነገሩን አጣራሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2006ቱ የጥርስ ሐኪሞች ውል ለውጥ ወዲህ፣ እንደ ጂፒ (የሰፈር ጠቅላላ ሐኪም) ቋሚ ምዝገባ የሚባል ነገር ለጥርስ የለም። ክሊኒኩ ግዴታ ያለበት ለጀመረልህ ሕክምና ነው። እሱ ሲያልቅ፣ ለሚቀጥለው ምርመራ መልሶ የሚጠራህ በልማድ ነው። ለክሊኒኩ በዓመት የሚከፈለው የኤንኤችኤስ ሥራም በኮታ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የጠፋ ሰው ቦታ ሳይያዝ አይቆይም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ መንጋጋ ጥርሴ ዛሬም ቦታው ላይ በነበረ።

ጥርሴን ባመመኝ ዕለት 111 (የኤንኤችኤስ የስልክ ምክር መስመር) ደወልኩ። ብዙ ጠየቁኝና ሌላ ሰፈር የድንገተኛ ቀጠሮ ሰጡኝ። ጥርሱ ተነቀለ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የድንገተኛ ቀጠሮ ያመመህን ነገር ያክምልሃል እንጂ የክሊኒኩ ታካሚ አያደርግህም።

ቋሚ ቦታ ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። የኤንኤችኤስ ድረ ገጽ ታካሚ የሚቀበሉትን ክሊኒኮች ያሳያል፤ ግን መረጃው ሁልጊዜ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ በምሳ ሰዓቴ አምስት አምስት ክሊኒክ እደውል ነበር። የጠቀመኝ አንድ ነገር፣ እንደ ጂፒ የሰፈር ገደብ አለመኖሩን ማወቄ ነው። የሚቀበልህ ካገኘህ የትም ብትኖር መሄድ ትችላለህ። በመጨረሻ በሁለት አውቶቡስ የሚኬድበት ክሊኒክ ልጆችን ብቻ እንደሚቀበል ነገሩኝ። ልጄን አስገባኋት። ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ ሕክምናዋ ነፃ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮዋ ዕለት «ለእኔስ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ቦታ ተከፍቶ ነበር።

አሁን ያንን ቦታ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው። ከወንበሩ ተነስቼ ኮቴን ሳልለብስ ቀጣዩን ቀጠሮ እይዛለሁ። መቼ ልመለስ ብዬ ሐኪሙን ራሱን እጠይቃለሁ፤ ለአዋቂ እንደ ጥርሱ ሁኔታ ከ3 ወር እስከ 24 ወር ሊሆን ይችላል። የእኔን 12 ወር ብሎኛል። መሄድ ካልቻልኩ ቀደም ብዬ እደውላለሁ። የኤንኤችኤስ ቀጠሮ በመቅረትህ ገንዘብ ሊያስከፍሉህ አይችሉም፤ ከዚያ በኋላ ግን አናክምህም ሊሉህ ይችላሉ። ስልክ ወይም ቤት ስቀይር ከባንኬ ቀጥሎ የምነግረው ለጥርስ ክሊኒኬ ነው።

ዋጋውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2025 በወጣው ዋጋ ምርመራው 27.40 ፓውንድ፣ ማስሞላትና ማስነቀል 75.30፣ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) እና ሰው ሠራሽ ጥርስ 326.70 ነበር። የማስሞላቱ ዋጋ የሚከፈለው ግን በየጥርሱ አይደለም። በአንድ ዙር ሕክምና ሦስት ጥርስ ብታስሞላም ያው ነው። እኔ አንዱን አስሞልቼ ሌላውን ደመወዝ እስክቀበል አቆይ ነበር፤ በከንቱ። ደግሞ ሥራው ሳይጀመር «ይሄ በኤንኤችኤስ ነው ወይስ በግል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የሕክምና ዕቅዱን በጽሑፍ መጠየቅ እንችላለን።

አክስቴን ልወስዳት ስል ሌላ ነገር ተማርኩ። 63 ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት በነፃ ስለምትወስድ ጥርሱም ነፃ ይመስላት ነበር። አይደለም። ከ60 በላይ መሆን ለመድኃኒትና ለዓይን ምርመራ እንጂ ለጥርስ አይሠራም። «ልጄ፣ ታዲያ ነፃ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊልኝ እንጂ» አለችኝ። እሺ አላልኳትም። መብቱ ሳይኖርህ ምልክት ካደረግክ፣ ዋናው ሂሳብ ላይ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት ይጨመርበታል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት የገቢ ድጎማ) የሚያገኝ ሰውም ሁሉ ነፃ አይደለም፤ የወሩ የሥራ ገቢው ከ435 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ልጅ ላለው ወይም የሥራ አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው ጣሪያው 935 ነው።

ለአክስቴ ኤችሲ1 የሚባለውን፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው እርዳታ የሚጠይቅበትን ፎርም ሞላን። ገቢዋንና ቁጠባዋን አይተው ኤችሲ2 ሰርተፊኬት ላኩላት፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀጠሮ ስንይዝም የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅን፤ ክፍያ የለውም። ያን ቀን አክስቴ ድዷ ለስንት ጊዜ ሲደማ እንደኖረ ለሐኪሟ በራሷ አፍ ስታስረዳ ሰማሁ። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም ነበር።

የሰርተፊኬቷ ማብቂያ ቀን አሁን ስልኬ ላይ ተመዝግቧል። ሁለት ወር ሲቀረው ይጮኻል፤ አዲሱን ፎርም ያኔ እንሞላለን።